ኦቲስ ዘፈነው፣ ማን ሠራው?

አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ተሳፍራችኋል እንበል። ሬዲዮው ክፍት ነው። አሬታ ፍራንክሊን «ሪስፔክት»ን እያስነካችው ነው። ጣቢያው ለሚያስተላልፈው ሙዚቃ ገንዘብ ይከፍላል። ከዚህ ዘፈን ድርሻው ለማን ይደርሳል?

«ለአሬታ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ተራው የኤፍኤምና የኤኤም ሬዲዮ ለዘፋኝ እንዲከፍል አያስገድድም። የሚከፍለው ለዘፈኑ ደራሲና ለአሳታሚው ነው። የ«ሪስፔክት» ደራሲ ደግሞ ኦቲስ ሬዲንግ የሚባለው የስድሳዎቹ አሜሪካዊ የሶል ሙዚቃ ዘፋኝ ነው። ዓለም ዘፈኑን የሚያውቀው በአሬታ ድምፅ ነው። ኦቲስ ራሱ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሬዲዮው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ ወደ ደራሲው ወገን ነው የሚሄደው።

ግራ ያጋባል አይደል? ነገሩን በአንድ ሰው ዘፈኖች በኩል ብናየው ይቀላል። ለዚህ ደግሞ ከኦቲስ የተሻለ ሰው የለም። አጭር ዕድሜ ነበረው። አብረውት የሠሩት ሰዎች ይታወቃሉ። ዘፈኖቹ ውስጥም የክሬዲት፣ ማለትም «በደራሲነት የማን ስም ይጻፍ» የሚለው ጣጣ በየዓይነቱ ሞልቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እኛ ዘፈንን በዘፋኙ ስም መጥራት ለምደናል። «የጥላሁን ዘፈን»፣ «የአስቴር ዘፈን» እንላለን። የካሴት ሽፋን ገልብጦ ያነበበ ሰው ግን ሌሎች ስሞችንም ያውቃል። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። የአሜሪካ ሕግ ግጥሙንና ዜማውን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ዘፈን» ይለዋል። ባለቤቱ ደራሲው ነው፤ ደራሲው መብቱን የሚያካፍለው አሳታሚም ከጎኑ ይኖራል። ቀረጻው ደግሞ ሌላ ንብረት ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ እነዚህ ሰዎች ሲጫወቱ የተቀዳው ድምፅ ማለት ነው። ዋናው ቅጂ ማስተር ይባላል። የማስተሩ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሸክላ ኩባንያው ነው።

በወጥ እናስበው። አሠራሩን ያወጣች ባለሙያ አለች። ድስቱን ጥዳ የሠራች ሌላ ሴት አለች። አሜሪካ ውስጥ ተራው ሬዲዮ የሚከፍለው ለመጀመሪያዋ ብቻ ነው።

ቅንብርስ? ቅንብር መሀል ላይ ይወድቃል። ትራምፔቱ እዚህ ጋ እንዲገባ ያሰበው ሰው፣ ድራሙን እዚያ ጋ ዝም ያሰኘው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የቀረጻ ሰዓቱን ሂሳብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሶል ሙዚቃ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሶል ነፍሱ ቅንብሩና አጨዋወቱ ውስጥ ነው ያለው።

ኦቲስ በ1941 ዶሰን በምትባል የጆርጂያ ከተማ ተወለደ። ያደገው ሜከን ነው። ሊትል ሪቻርድም የሜከን ልጅ ነው። ኦቲስ መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው እንደ እሱ ነበር። በሌላ በኩል የሳም ኩክን ለስላሳ አዘፋፈን ያመልክ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደግሞ ከልጅነቱ አብሮት አለ። ሶል የሚባለውም ከዚህ የተቀዳ ነው። ለእግዚአብሔር ሲዘመርበት የነበረው ጩኸት፣ ለቅሶና መቀባበል ወደ ፍቅር ዘፈን ዞረ።

በ1962 ኦቲስ ወደ ሜምፊስ መኪና እየነዳ ሄደ። የሄደው ሊዘፍን አልነበረም። ጆኒ ጄንኪንስ የሚባል ጊታሪስት ነበር የሚቀረጸው። ጄንኪንስ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም፤ ኦቲስ ነው የነዳለት። የጄንኪንስ ቀረጻ አልተሳካም። ቀኑ ሊያልቅ ትንሽ ሰዓት ተረፈ። እስቲ ይህ ሾፌር ይሞክር ተባለ። ኦርጋን ተጫዋቹ ቡከር ቲ ጆንስ ወጥቶ ሄዷል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር ፒያኖ ላይ ተቀመጠ። ኦቲስ ራሱ የደረሰውን «ዚዝ አርምስ ኦቭ ማይን» ዘፈነ። በዚያው ዓመት ታተመ። የመጀመሪያ ስኬቱ ሆነ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ራሱ፣ ፒያኖ የሚጫወተው ጊታሪስቱ ነው። በዚያ ቤት ሁሉም ያገኘውን ይይዛል።

ቤቱ ስታክስ ይባላል። ሜምፊስ፣ ማክለሞር ጎዳና፣ ቁጥር 926። የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር። ወንበሮቹ ተነቅለው ስቱዲዮ ሆነ፤ ወለሉ ግን እንደ ሲኒማ ቤት ተዳፋት ሆኖ ቀረ። ባለቤቶቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ ጂም ስቲዋርትና ኢስቴል አክስተን። «ስታክስ» የሚለውም ከሁለቱ የቤተሰብ ስም (አክስተን የባሏ ስም ነው) የመጀመሪያ ፊደላት የተሰካ ነው። እሷ እዚያው አጠገቡ የሸክላ ሱቅ ነበራት። የሰፈሩ ልጅ ምን እንደሚገዛ ትሰማለች፤ ውስጥ ያሉትም ወሬውን ይይዛሉ።

ስታክስ የራሱ ቋሚ ባንድ ነበረው። ኦርጋን ቡከር ቲ ጆንስ፣ ጊታር ስቲቭ ክሮፐር፣ ድራም አል ጃክሰን። ቤዝ መጀመሪያ ሉዊ ስታይንበርግ ነበር፤ በኋላ ዶናልድ ደን ገባ፤ «ዳክ» ነበር የሚሉት። በራሳቸው ስም ሲያሳትሙ «ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤምጂስ» ይባላሉ። ድምፃዊ ሲመጣ አጃቢ ይሆናሉ። ለኛ ሰው ሮሃ ባንድን ማሰብ ይበቃል። ስንቱ ዘፋኝ በየተራ የገባበት፣ ጊታሩና ቤዙ ግን ሁሌም ያው ሰዎች የሆኑበት ማለት ነው። ከባንዱ ጎን የትንፋሽ መሣሪያ ጓዶቹ አሉ፤ ትራምፔት ዌይን ጃክሰን፣ ሳክስፎን አንድሩ ላቭ። ዴቪድ ፖርተርና አይዛክ ሄይስ ደግሞ ለሌሎች ድምፃውያን ግጥምና ዜማ ይሠራሉ። ሄይስ ፒያኖም ይጫወታል።

ክሮፐርና ደን ነጮች ናቸው። ቡከር ቲና ጃክሰን ጥቁሮች። ጊዜው ደግሞ የዘር መለያየቱ ገና ያልተነቀለበት የሜምፊስ ስድሳዎቹ ነው። አብረው ይቀረጻሉ፤ ምሳ አብሮ መብላት ግን በየቦታው አይቻልም። ከሚችሉባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሎሬይን ሞቴል ነበር። ክሮፐርና ድምፃዊው ኤዲ ፍሎይድ «ኖክ ኦን ዉድ»ን የደረሱት እዚያው ሞቴል ክፍል ውስጥ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 የተገደለውም እዚያው ሎሬይን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዘፈን እንዴት ይሠራ ነበር?

ኖታ የለም። ወረቀት ላይ የተጻፈ ቅንብር የለም። ኦቲስ ግማሽ ዘፈን ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ መግቢያ ስንኝና አዝማች ብቻ። ክሮፐር ጊታሩን ይዞ አብሮት ይቀመጣል፤ የቀረውን አብረው ይጨርሱታል። ከዚያ ኦቲስ ወደ ትንፋሾቹ ይዞርና የሚጫወቱትን በአፉ ያዜምላቸዋል። «ፋ ፋ ፋ ፋ ፋ» ይላቸዋል። እነሱ ሰምተው ይነፉታል። በ1966 ያወጣው አንድ ዘፈን አዝማቹ ራሱ «ፋ ፋ ፋ» ነው። በአፉ ለትራምፔት የሚሰጠውን ትዕዛዝ ዘፈን አደረገው።

የኦቲስ ዘፈኖች ላይ ተቀባይ ድምፃውያንን ፈልጉ። እምብዛም አታገኙም። የሚቀበሉት ትንፋሾቹ ናቸው። እሱ ይጣራል፣ ትራምፔቱ «አቤት» ይላል። ይህ የኦቲስ ፈጠራ ነው ብዬ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ሕጉ ግን አያየውም። ግጥም ነው? አይደለም። ዋና ዜማ ነው? አይደለም። ቅንብር ነው። ስለዚህ በራሱ ዘፈን ላይ ሲያደርገው በደራሲነቱ ይከፈለዋል። በሌላ ሰው ዘፈን ላይ ሲያደርገው ግን ለደራሲነት አይቆጠርለትም።

ሌላ የምወደው ነገር አለ። ኦቲስ ጊታር ብዙ አይችልም። ጊታሩን ክፍት ኮርድ ላይ ይቃኘዋል (ኮርድ አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ናቸው)፤ ሳይያዝ ሲመታ ራሱ አንድ ሙሉ ኮርድ ይሰጣል ማለት ነው። ከዚያ ጣቱን ጋደም አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትታል። እንደዚህ ሲሆን የሚወጣው ሁሉ ሜጀር ኮርድ ነው። ሜጀር የሚባለው ብሩህ የሚመስለው ነው፤ ማይነር ደግሞ ሐዘን ሐዘን የሚለው። ክሮፐር ደጋግሞ እንደተናገረው፣ አብረው የሠሯቸው ዘፈኖች ማይነር የማይነኩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ኦቲስ ሲያለቅስ እንኳ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ብሩህ ነው። የሱን ለቅሶ ከሌላው የሚለየው ይህ ይመስለኛል። እንባውን የሚሸከመው ድምፁ ብቻ ነው።

ቀረጻውም እንደዛሬው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ይጫወታል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። በጁላይ 1965 «ኦቲስ ብሉ» የተባለው አልበም በአንድ ቀንና ሌሊት ግድም ተቀረጸ። መሀል ላይ ሙዚቀኞቹ ክለብ ሄደው የማታ ሥራቸውን ሠርተው ተመለሱ። ከዚያ ሌሊቱን ቀጠሉ። ድምፁን የቀዳው ከኒውዮርኩ የሸክላ ኩባንያ ከአትላንቲክ ሪከርድስ የመጣው ቶም ዳውድ ነው።

አልበሙ ላይ 11 ዘፈኖች አሉ። ኦቲስ የደረሳቸው ወይም አብሮ የደረሳቸው 3 ብቻ ናቸው። ሌሎች 3 የሳም ኩክ ናቸው። ኩክ የተገደለው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1964 ነው። አንዱ ዘፈን ደግሞ የሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ነው። እንግሊዞቹ ዘፈኑን ያወጡት በዚያው ዓመት በጁን ነው። የጊታሩን መግቢያ ኦቲስ ለትንፋሾች ሰጠው። የሚገርመው፣ የስቶንሱ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስም ሲያስበው በትንፋሽ መሣሪያ እንዲሆን ነበር። ኦቲስ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጆሮው ነው የነገረው።

ከኦቲስ ሦስት ዘፈኖች አንዱን፣ «አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ ቱ ሎንግ»ን፣ ከዘፋኙ ጄሪ በትለር ጋር ነው የደረሰው። ሁለቱም የደራሲነት ስም አላቸው። ይህ ቀላሉ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሰው ተቀምጦ ይደርሳል፣ ሁለት ስም ይጻፋል። ከዚህ አልበም ውጭ ያለው፣ ከክሮፐር ጋር የሠራው «ሚስተር ፒቲፉል»ም እንዲሁ ነው። አንድ የሜምፊስ ሬዲዮ አቅራቢ ኦቲስን በዚያ ስም ጠራው፤ ሁሌ እያለቃቀሰ ስለሚዘፍን። ክሮፐር ከዚህ ዘፈን ይወጣል አለ። ሁለቱ መኪና ውስጥ፣ ወደ ስቱዲዮ እየሄዱ ጨረሱት።

ከአልበሙ ሦስት ዘፈኖች ሌላው ነው «ሪስፔክት»። ስለ አመጣጡ ከአንድ በላይ ወሬ አለ። በአንዱ ወሬ፣ ስፒዶ ሲምስ የተባለ ጓደኛው ለራሱ ባንድ ይዞት የመጣ ዘፈን ነበር፤ ኦቲስ እንደገና ሠራው። በሌላው፣ ኦቲስ ስለ ኑሮው ሲያማርር ድራመሩ አል ጃክሰን «ሁሌ መንገድ ላይ ነህ፤ ቤት ስትገባ ትንሽ አክብሮት ካገኘህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ» ዓይነት ነገር አለው፤ ዘፈኑ ከዚያ ወጣ። የትኛውም እውነት ቢሆን ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ኦቲስ ሬዲንግ።

በኦቲስ አፍ ዘፈኑ የአባወራ ዘፈን ነው። ሠርቼ ገንዘብ ይዤ ስመጣ አክብሪኝ ይላል። በፖፕ ሰንጠረዡ 35ኛ ደረጃ ደረሰ። መጥፎ አይደለም።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 አሬታ ኒውዮርክ ውስጥ ቀረጸችው። ያደረገችውን ልብ ብላችሁ እዩት። ተናጋሪዋ ሴት ስትሆን ትርጉሙ ተገለበጠ። ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠረች የምትጠራው ክፍል ኦቲስ ጋ የለም። እህቶቿ ካሮሊንና ኤርማ ከኋላ የሚቀበሉት «ሶክ ኢት ቱ ሚ»ም የለም። የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን ብቻውን የሚጫወትበት ክፍልም የለም። ከሥሩ ያሉት ኮርዶች ደግሞ ከሌላ ዘፈን የተወሰዱ ናቸው። ዘፈኑ ሳምና ዴቭ የተጫወቱት፣ ሄይስና ፖርተር ስታክስ ውስጥ የደረሱት ነው። እንግዲህ የስታክስ ዘፈን ኒውዮርክ ሄዶ፣ የሌላ የስታክስ ዘፈን ኮርድ ተበድሮ መጣ።

በጁን 1967 አንደኛ ሆነ። ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለው፣ ሰልፍ ላይ የሚጮኸው፣ ዛሬም ሰርግ ላይ የሚያስጨፍረው ያ ነው። ዛሬ የምናስታውሰውን ነገር አብዛኛውን የጨመረችው አሬታ ናት። ደራሲነቱ ግን አልተነካም። በዚያው ወር ኦቲስ ሞንቴሬይ ፌስቲቫል ላይ ሲዘፍነው፣ አንዲት ልጅ ወስዳብኛለች ብሎ ቀለደ። በባንክ በኩል ሲታይ ግን የተወሰደበት ነገር የለም።

የተገላቢጦሹን ደግሞ እንይ። የኦቲስ ትልቁ ትርኢት የቱ ነው ብትሉኝ «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» እላለሁ። ይህን ዘፈን ኦቲስ አልጻፈውም። በ1932 ጂሚ ካምቤልና ሬጅ ኮኔሊ የተባሉ እንግሊዞች ከአሜሪካዊው ሃሪ ዉድስ ጋር የደረሱት ነው። ለስላሳ የኦርኬስትራ ዘፈን ነበር። ቢንግ ክሮዝቢም ዘፍኖታል። ስብር ብሎ የሚደነስበት ዓይነት።

በ1966 ስታክስ ሲገባ ምን እንደሆነ ስሙት። አይዛክ ሄይስ ያሰበው የትንፋሽ መግቢያ ሐዘንተኛ ሆኖ ይከፍታል። ኦቲስ ሹክ እንደሚል ሰው ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ አል ጃክሰን የድራሙን ጠርዝ በእንጨቱ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ይጀምራል። እንደ ሰዓት። ዘፈኑ ገና ቀስ ብሎ እየሄደ ያ ሰዓት እጥፍ ይቆጥራል። እየመጣ ያለ ነገር እንዳለ ጆሯችሁ ያውቃል። ከዚያ ጊታሩ ይገባል፣ ኦርጋኑ ይወፍራል፣ መጨረሻ ላይ ኦቲስ እግሩን እየመታ ቃላት ሳይሆኑ ፍንጥርጣሪ ይጮኻል። የ1932ቱ ወረቀት ላይ ከዚህ አንዱም የለም።

ደራሲዎቹ እነማን ናቸው? ካምቤል፣ ኮኔሊ፣ ዉድስ። የኦቲስ ቀረጻ አሜሪካ ኤፍኤም ላይ ሲተላለፍ የሚከፈለው ለነሱ ወገን ነው። ለኦቲስ ምንም። ለሄይስ ምንም። ለዚያ ቀጭ ቀጭ ለሚለው እንጨትም ምንም። «ሪስፔክት» ላይ አሬታ የቆመችበት ቦታ ላይ፣ እዚህ ኦቲስ ቆሟል።

ነገሩ በ2011 ይበልጥ አስቂኝ ሆነ። ጄይዚና ካንዬ ዌስት ይህንኑ ቀረጻ ቆርጠው ራፕ ሠሩበት። ርዕሱን «ኦቲስ» አሉት። ኦቲስ ሬዲንግም ተጋባዥ ተብሎ ተጻፈ። ከአንድ ቀረጻ ላይ ድምፅ ቆርጦ የሚወስድ ሰው ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከዘፈኑ ባለቤትና ከማስተሩ ባለቤት። ስለዚህ በስሙ የተሰየመው ዘፈን ደራሲዎች ውስጥ እነዚያ የ1932 ሰዎች አሉ። ኦቲስ የለበትም።

አንዳንዴ ደግሞ ስም በኋላ ይጨመራል። ኦቲስ አርተር ኮንሊ የሚባል ወጣት ያሳድግ ነበር። በ1967 «ስዊት ሶል ሚውዚክ» የሚባል ዘፈን ለሱ አብሮት ሠራ። በጣም ተወደደ። ችግሩ፣ ዜማው የሳም ኩክን አንድ ዘፈን ይከተላል። የኩክ ወገኖች ጠየቁ። የኩክ ስም ከደራሲዎቹ ጋር ገባ። ለመምህሩ ያለው ፍቅር ሂሳብ አስከፈለው ማለት ነው።

ኦቲስ ግን በዚህ በኩል ሞኝ አልነበረም። ከሥራ አስኪያጁ ከፊል ዋልደን ጋር «ሬድዋል» የሚል የዘፈን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመዋል። ሬዲንግና ዋልደን ማለት ነው። በዚያ ዘመን ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ጥቁር የጆርጂያ ልጅ ይህን ማሰቡ ቀላል ነገር አልነበረም። ደራሲነታቸውን በርካሽ የሸጡ እኩዮች ነበሩት።

አሁን ወደ መጨረሻው ዘፈን። በኦገስት 1967 ኦቲስ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ሳውሳሊቶ የምትባል ቦታ፣ ውሃ ላይ በተሠራ ጀልባ ቤት ውስጥ ሰነበተ። መርከቦች ሲገቡና ሲወጡ እያየ «ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ»ን ጀመረ። በመከር ወራት ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለሳምንታት ዝም አለ። ከዚያ ሜምፊስ መጥቶ ዘፈኑን ከክሮፐር ጋር ጨረሰው። ክሮፐር ከኦቲስ ጋር ሲሠራ ስለ ራሱ ስለ ኦቲስ ነበር የሚጽፈው። ይኸኛው ላይ ያለው ከጆርጂያ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ኦቲስ ነው። ኮርዶቹን ጊታር የምትችሉ ሞክሯቸው። ሜጀር፣ ሜጀር፣ ሜጀር።

በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ ቀረጹት። መጨረሻው ላይ ያፏጫል። ዲሴምበር 10 ቀን 1967፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ማዲሰን ከተማ አጠገብ ሞኖና ሐይቅ ውስጥ ወደቀች። 26 ዓመቱ ነበር። ስታክስ ያሳደጋቸው የባርኬይስ ባንድ ልጆች አብረውት ነበሩ። ብዙዎቹ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሱ ናቸው። ከአውሮፕላኑ ተሳፋሪዎች በሕይወት የወጣው ትራምፔት ተጫዋቹ ቤን ኮሊ ብቻ ነው።

ክሮፐር ጓደኛው በሞተ በቀናት ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኑን አስተካክሎ እንዲጨርስ ተጠየቀ። የማዕበሉንና የባሕር ወፎቹን ድምፅ የጨመረው እሱ ነው። በጃንዋሪ 1968 ወጣ። በማርች አንደኛ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ዘፋኙ ከሞተ በኋላ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ክሮፐር እዚህ ላይ የተባባሪ ደራሲነት ስም አለው። ስሙ የገባው ግን በስንኙና በዜማው ነው። በወፎቹ አይደለም።

ስለ ሁለተኛው ንብረት፣ ስለ ማስተሩ፣ አንድ የሚያበሳጭ ታሪክ ልንገራችሁ። ስታክስ ሸክላውን የሚያከፋፍልለት ኒውዮርክ ያለው አትላንቲክ ነበር። መጀመሪያ በቃል ነበር የሚሠሩት። በ1965 ወረቀት መጣ። ጂም ስቲዋርት ሳያነብ ፈረመ። አትላንቲክ በ1967 ለዋርነር ኩባንያ ሲሸጥ ስቲዋርት ውሉን ማየት ጀመረ። ያኔ ነው የገባው። አትላንቲክ ያከፋፈላቸው ማስተሮች በሙሉ የአትላንቲክ ናቸው ይላል። ኦቲስ የዘፈነው፣ ክሮፐር የቀመመው፣ ተዳፋቱ ወለል ላይ የተጫወቱት ሁሉ። ስታክስ በአንድ ዓመት ውስጥ ትልቁን ዘፋኙን በሞት አጣ፤ ከዚያ ደግሞ ድምፁን በፊርማ።

ኩባንያው ከዚያ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ጎበዝ ነበር፤ አይዛክ ሄይስ ራሱ ኮከብ የሆነው ያኔ ነው። በ1975 መጨረሻ ግን ተዘጋ። ሲኒማ ቤቱ በ1989 ፈረሰ። በ2003 እዚያው ቦታ ላይ ሙዚየም ተሠራ።

ወደ ታክሲው እንመለስ። ሬዲዮው ተራ ኤፍኤም ከሆነ መልሱ ያው ነው። የሳተላይት ወይም የኢንተርኔት ሬዲዮ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እነሱ ለቀረጻውም ይከፍላሉ። ከ1972 በፊት የተቀረጹት ሥራዎች ለረጅም ጊዜ ከፌዴራሉ ሕግ ውጭ ሆነው ቆይተዋል፤ በ2018 የወጣ ሕግ ነው ያስገባቸው። በሕጉ በተደነገገው ፈቃድ ሲከፈል ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ግማሹ ለማስተሩ ባለቤት። 45 ከመቶ ለዋናው ድምፃዊ ወገን። የቀረው 5 ከመቶ ስማቸው ሽፋኑ ላይ ለሌለ አጃቢ ሙዚቀኞችና ተቀባዮች። የአሬታ እህቶች «ሶክ ኢት ቱ ሚ» ሲሉ ያቺ 5 ከመቶ ውስጥ ናቸው። የአል ጃክሰን ቀጭ ቀጭም እዚያው ነው።